አምፕ ልገዛ ወጥቼ

ባለፈው ሳምንት ስለ ልጆች የእረፍት ጊዜ የጀመርኩትን ወግ እንደምቀጥል ነግሬያችሁ ነበር። ዛሬ ግን እሱን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ የገዛ ቤቴን ጉድ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከቁም ሳጥን ነው። አንድ ምሽት ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ ከመኝታ ክፍሉ ቁም ሳጥኑ ሲዘፍን ሰማሁ። ቢላዋውን አስቀምጬ ሄድኩ። የልጅ ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ የኤሌክትሪክ ጊታሩን አናት በቁም ሳጥኑ በር ላይ አስደግፎ ክሩን ይመታል። «እቴቴ፣ እንጨቱ ድምፁን ያጎላዋል እኮ» አለኝ። ለካ የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ክራር ወይም እንደ ተራው ጊታር ድምፅ የሚያስተጋባበት ባዶ ሆድ የለውም። አብዛኛው ድፍን እንጨት ነው። ከአምፕሊፋየር ጋር ካልተያያዘ ድምፁ ከትንኝ ብዙም አይበልጥም። ልጁ ጊታሩን ከገዛን ጀምሮ ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥኔን አምፕ አድርጎት ኖሯል።

ይህን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ። እናቱ፣ ማለትም ልጄ፣ ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። እሱ አሁን 16 ዓመቱ ነው፣ 10ኛ ክፍል ገብቷል። የቁም ሳጥኑን ነገር በስልክ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ዝም አለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ 35 ሺህ ብር ላከች። «እማዬ፣ ይሄ ለቤት ኪራይ አይደለም፣ ለዘይትም አይደለም። ለልጁ አምፕ ነው» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

በማግስቱ ልጁ ከደብተሩ በቀደደው ወረቀት ላይ የጻፈውን ዝርዝር አመጣልኝ። 100 ዋት የቫልቭ አምፕ፣ ዲስቶርሽን፣ ኦቨርድራይቭ፣ ዲሌይ፣ ኮረስ፣ ዋዋ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው ዋት የአምፖልና የምጣድ ነው። ዋጋውን ስጠይቀው የአምፑ ብቻ ከተላከው ገንዘብ ይበልጣል። ይሁንና ጓደኛው አንድ ሰው አግኝቶለታል፤ «ከአሜሪካ የመጣ፣ 100 ዋት፣ በ30 ሺህ ብር ይሸጣል» ተብሏል። ልጁ ተስፋ አድርጎ ያየኛል። እኔም ገንዘቡን በመሀረብ ቋጥሬ ተነሣሁ።

መቼም አያት መሆን ደግ ነገር አለው፤ የማታውቀውን ነገር መጠየቅ አያሳፍርም። ከሕንፃችን በታች ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚጠግን ባለሙያ አለ። ዱሮ የባንዶችን ዕቃ ያስተካክል ነበር። «ልጄ፣ እስቲ አብረኸን ሂድና እየው» አልኩት። ሱቁን ዘግቶ ተከተለን።

አምፑ የእህል ሳጥን ያህላል። ሻጩ ትሁት ሰው ነው፤ «መብራት ጠፍቶብን ነው እንጂ ብትሰሙት ትወዱት ነበር» አለ። ባለሙያው ምንም ሳይናገር አምፑን አዞረውና በስልኩ መብራት ጀርባውን አነበበ። ከዚያ ጠራኝ። «እማማ፣ ይህቺን ጽሑፍ ያዩዋታል? 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ትላለች። የእኛ ቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ይሄ የአሜሪካን መብራት የለመደ ዕቃ ነው። እንዳለ ቢሰኩት ሲሻለው ፊውዙ ይበጠሳል፣ ሲብስ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል» አለኝ።

«ማሳነሻ ትራንስፎርመር እገዛለታለሁ» አለ ልጁ ቶሎ ብሎ። ባለሙያው አላፌዘበትም። «ይቻላል። ግን ትራንስፎርመሩ አምፑ ከመስመር የሚስበውን ኃይል የሚችል መሆን አለበት። 100 ዋት ድምፅ የሚያወጣ የቫልቭ አምፕ ከመስመር የሚስበው ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። እንደዚያ ያለው ትራንስፎርመር ከባድ ነው፣ ውድም ነው። ቫልቮቹ ደግሞ እንደ ጥንቱ ሬዲዮ አምፖሎች እያረጁ የሚቀየሩ ናቸው። ሲያረጁ ከየት ታመጣለህ?» አለው።

እዚህ ላይ ለእናንተም ይጠቅማችኋል። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ ዕቃ ሲልክላችሁ ጀርባውን አንብቡ። «ከ100 እስከ 240» የሚል ከሆነ በሁለቱም ይሠራል፤ የስልክ ቻርጀሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። «120» ብቻ የሚል ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው ግን ከእኛው መብራት ጋር ይስማማል፤ የዱባዩ ሶኬቱ ብቻ ነው የሚለየው።

ሳንገዛ ተመለስን። ታክሲ ውስጥ ልጁ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ዝም አለ። እንደ ወረድን ግን፣ «ገንዘቡ እኮ የእናቴ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። አልተቆጣሁም፣ ግን ቃሉ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ቀን ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ቁም ሳጥኑም ዝም አለ።

እንቅልፍ የነሳኝን ነገር አሁን ልንገራችሁ። ልጄ በ18 ዓመቷ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልፈተን ብላ ለምናኝ ነበር። ድምፅ ነበራት፤ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። እኔ ግን፣ «ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም፤ የሚያበላ ነገር ተማሪ» አልኳት። እሺ ብላ የጽሕፈት ሥራ ተማረች። ተምራ ሥራ አጣች። አገባች፣ ተፋታች፣ በመጨረሻ እንጀራ ፍለጋ ልጇን እኔ ላይ ጥላ ባሕር ተሻገረች። እንጀራ ያለበት ነው ብዬ ባሳየኋት መንገድ እንጀራው አልተገኘም። አሁን ደግሞ የሰው ወለል ጠርጋ ያገኘችውን ገንዘብ ለሙዚቃ ላከች። «ለዘይት አይደለም» ስትለኝ ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። እሷ ይግባኝ ብላ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም።

የሚገርመው እኔ ራሴ የሙዚቃ ጠላት አልነበርኩም። የእኔ ወጣትነት 1960ዎቹ ነው። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲዘፍን ከኋላው የሚሰማው የሰላም ስዩም ጊታር ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በዚያ ጊታር ጨፍሬ አድጌ፣ ለልጄ ሲሆን ከለከልኩ። የሌላ ሰው ልጅ ሲጫወት ደስ ይላል፤ የራስ ልጅ ሲሆን እናት ይጨንቃታል። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ስሜት ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቀን ልጁን ቡና ላይ ጠርቼ ይህንኑ ነገርኩት። አያውቅም ነበር። «እናቴ ትዘፍን ነበር?» አለኝ። «ትዘፍን ነበር። እና ይሄ ገንዘብ የእሷ ስለሆነ ነው በማይሠራ ዕቃ ላይ እንዲወድቅ የማልፈልገው። ትንሽ ይሁን፣ ግን ይጩህ» አልኩት። ስኒውን አስቀመጠና፣ «እሺ እቴቴ፣ እንደገና እንሂድ» አለ።

አሁን ከባለሙያው የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ጊታር የጀመረ ልጅ ካለ ይጠቅማችኋል።

የመጀመሪያው የዋት ነገር ነው። እኔ 100 ዋት ከ10 ዋት አሥር እጥፍ የሚጮህ መስሎኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ጆሯችን ድምፅን የሚለካበት መንገድ ሌላ ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ይታወቃል እንጂ ብዙ አይደለም። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ሆኖ፣ ከ10 ዋት አምፕ እጥፍ ጮኸ ብለን የምንለው 100 ዋቱን ነው። እንግዲህ ለመኝታ ክፍልና ለኮንዶሚኒየም ከ10 እስከ 20 ዋት ያለው አምፕ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ከበሮ ካለበት ባንድ ጋር ሲጫወት ያኔ ትልቁን ያስብ።

ሁለተኛው የአሠራሩ ዓይነት ነው። ሦስት አለ። የቫልቩ ድምፁ ሞቅ ያለ ስለሆነ ጊታሪስቶች ይወዱታል። ግን ከፍ ካላደረጉት ያ ድምፁ አይወጣም፤ ከፍ ካደረጉት ደግሞ ጎረቤት ይወጣል። ውድ ነው፣ ይግላል፣ ጥገናውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመስመር ከተነቀለ በኋላ እንኳ ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ አቁሮ ሊቆይ ይችላልና ልጅ ብሎን ፈቶ እንዳይከፍተው። ሁለተኛው የትራንዚስተር ነው፤ ርካሽ፣ ጠንካራ፣ ማንም የሬዲዮ ጠጋኝ የሚሞክረው። ሦስተኛው ዲጂታሉ ነው፤ የብዙ አምፖችንና የብዙ ፔዳሎችን ድምፅ አስመስሎ በአንድ ሳጥን ይይዛል። ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ በተለይ ፔዳል መግዛት ለማይችል። ሲበላሽ ግን ለመጠገን ያስቸግራል።

ሦስተኛው ስፒከሩ ነው። ከጊታሩ ቀጥሎ ድምፁን የሚወስነው እሱ ነው። ትንንሾቹ አምፖች ብዙ ጊዜ 8 ኢንች ስፒከር አላቸው። ከዚያ ያነሰውማ የመጫወቻ ሬዲዮ ይመስላል፤ ወፍራሙ ክር ሲመታ ያንኮራፋል።

አራተኛው፣ ለእኛ ለአያቶች ከሁሉም የሚበልጠው፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ነው። ያ ቀዳዳ የሌለው አምፕ ወደ ቤቴ አይገባም አልኩ። ባለሙያው ሳቀና፣ «እማማ፣ ይህቺን ቢያውቁ ሌላው ቢቀርብዎም ግድ የለም» አለ።

ቅዳሜ ሦስት ያገለገሉ ትንንሽ አምፖች ያሉበት ሱቅ ሄድን። ልጁ የራሱን ጊታርና የራሱን ገመድ ይዞ ነው የሄደው፤ ይህም የባለሙያው ትእዛዝ ነበር። በሱቁ ውድ ጊታር ከተሞከረ ሁሉም አምፕ ያምራል። ልጁ ገና ሲሰካ ጌን የሚባለውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረና ሱቁን አናወጠው። ባለሙያው ቁልፉን መልሶ ዜሮ ላይ አደረገው። «በዲስቶርሽን ሁሉም አምፕ ጎበዝ ነው፤ ጉድለቱን ይሸፍንለታል። በንጹሁ ድምፅ ትዝታ ተጫወት፣ ቀስ ብለህ፤ እያንዳንዱ ድምፅ እስኪሞት ጠብቅ» አለው።

ልጁ ተጫወተ። አንደኛው አምፕ ድምፁ ሊያልቅ ሲል እንደ ንብ ይንጫጫል፤ ስፒከሩ ተቀዶ ኖሯል። ሁለተኛው ደህና ነበር፤ ግን ቁልፎቹን ባለሙያው አንድ በአንድ ሲያዞራቸው ኻሽ ኻሽ ይላሉ፣ ጃኩንም ወዝወዝ ሲያደርገው ድምፁ ይጠፋል። «ኻሽታው በጽዳት ይወጣል፤ የላላው ጃክም ይሠራል። ለዋጋ መከራከሪያ ይሆነናል» አለኝ በጆሮዬ። ሦስተኛው 20 ዋት ትራንዚስተር ነው፤ 8 ኢንች ስፒከር፣ ሁለት የድምፅ መስመር፣ አንዱ ንጹህ አንዱ ሻካራ፣ ትንሽ ሪቨርብ፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ። ጀርባው 220 ይላል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ በራ አቆየነው፤ የሚሸት ነገር፣ እየጨመረ የሚሄድ ጉርምርምታ ካለ ብለን። አልነበረም።

ከዚያ ባለሙያው ልጁን ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዲያዞር አደረገውና ራሱ ጊታሩን ይዞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ተጫወተ። «የትኛው ነው?» አለው። ልጁ ሳያይ ሦስተኛውን መረጠ። ዘወር ብሎ ሲያየው የመረጠው ትንሿና ቀለሟ የተላጠው ናት። ትንሽ አፈረ፣ ቀጥሎ ግን ሳቀ። በ18 ሺህ ብር ገዛናት።

አሁን ወደ ፔዳሎቹ ልምጣ። ፔዳል ማለት በጊታሩና በአምፑ መካከል የምትገባ፣ በእግር የምትረገጥ ትንሽ ሳጥን ናት። ድምፁን ትለውጣለች። ዲስቶርሽንና ኦቨርድራይቭ ድምፁን ያሻክሩታል፤ ኦቨርድራይቭ ለስላሳዋ እህት ናት። ዲሌይ ልክ ገደል ላይ ቆመን ስንጣራ እንደሚመለሰው ድምፅ ያስተጋባል። ሪቨርብ ድምፁን ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። ኮረስ አንዱን ጊታር ሁለት ሦስት ያደርገዋል። ዋዋ በእግር ከፍ ዝቅ ሲሏት ጊታሩን አፍ እንዳለው ሰው ዋ ዋ ታሰኘዋለች። በእኛ ዘመን ሙዚቃ ውስጥ ሰምታችኋታል፤ ስሟን ሳታውቁ ጨፍራችሁባታል።

ልጁ አምስቱንም ፈልጎ ነበር። ለባለሙያው የሰጠሁት ምሳሌ የወጥ ቤት ነው፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል ቅመም የሚነሰንስ ሰው ወጡን አያድነውም። እሱም ተስማማ። «መጀመሪያ የሚያስፈልገው መቃኛ ነው» አለ። ያልተቃኘ ጊታር በአምስት ፔዳል ቢያልፍ ያው ያልተቃኘ ነው። መቃኛው ደግሞ በስልክ ላይ በነፃ የሚገኝ ነው። ሁለተኛ አንድ የማሻከሪያ ፔዳል፣ እሱም ከተፈለገ። ሪቨርቡ አምፑ ውስጥ አለ። ሌላው በኋላ አንድ በአንድ ይመጣል፤ አንዱን ቢያንስ ሁለትና ሦስት ወር ሳይጫወትበት ሌላ አይገዛም። ይህቺን ውል ልጁ በጽሑፍ ፈርሞልኛል፣ ፍሪጁ ላይ ተለጥፋለች።

ያገለገለች ብርቱካናማ ቦስ ዲኤስ-1 በ6 ሺህ ብር አገኘን። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትሠራ ዲስቶርሽን ናት። ሦስት ቁልፍ ብቻ ነው ያላት፤ አንዱ የድምፁን መጠን፣ አንዱ ቅላጼውን፣ አንዱ ሻካራነቱን። እንደ ብረት ጠንካራ ናት፤ በእርግጥም ብረት ናት። ያገለገለ ፔዳል ስትገዙ ደጋግማችሁ ርገጡት፤ ሲበራና ሲጠፋ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ተዉት። የባትሪውን ቤት ከፍታችሁ እዩ፤ ባትሪ ፈስሶበት አረንጓዴ ዝገት ካለ ሽቦው ተበልቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። አብዛኞቹ ፔዳሎች የሚሠሩት በ9 ቮልት ነው። ቤት ውስጥ የተገኘ ሶኬቱ ልክ የገባ አዳፕተር ሁሉ አይሆንም። የአብዛኞቹ ፔዳሎች አዳፕተር መሐሉ ኔጋቲቭ፣ ዙሪያው ፖዘቲቭ ነው፤ የብዙ ሌሎች ዕቃዎች ግን የተገላቢጦሽ ነው። የ12 ወይም የ18 ቮልት ቢሰካበት፣ ወይም ዋልታው ቢገለበጥ፣ ፔዳሉ ሊሞት ይችላል። ፔዳሉ ጎን የተሣለችውን ትንሽ ምልክት ከአዳፕተሩ ጋር ማስተያየት ነው። በአራት ማዕዘኗ የ9 ቮልት ባትሪ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ሲጨርስ ገመዱን ከፔዳሉ ይንቀለው። ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ፔዳሉ ባይረገጥም ባትሪው ሲፈስ ያድራል። ይህን ሳናውቅ ሁለት ባትሪ በልቶብናል።

ሂሳባችንን ላሳያችሁ። አምፑ 18 ሺህ፣ ፔዳሏ 6 ሺህ፣ ሁለት ደህና ገመድ፣ አንድ አዳፕተርና ስታቢላይዘር 5 ሺህ። ድምሩ 29 ሺህ። ቀሪውን 6 ሺህ ብር በልጁ ስም ባንክ አስገባሁት። ገመድ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ፤ ርካሽ ገመድ ይንጫጫል፣ ይቆረጣል፣ ልጁም አምፑ ተበላሸ ብሎ ያለቅሳል። የገመድ ጥፋት መሆኑን ለማወቅ ሌላ ገመድ ቀይሮ መሞከር ነው። ሁለት የገዛነው ለዚሁ ነው።

ስታቢላይዘሩ ለምን? የእኛ መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣም አንዳንዴ ተቆጥቶ ይመጣል። ስለዚህ የቤታችን ሕግ እንዲህ ነው፦ መብራት ሲጠፋ አምፑ ይጠፋል፣ ከመስመርም ይነቀላል። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ይሰካል። ባለሙያው ሌላም አስጠንቅቆናል። የጊታሩ ክር ብረት ነው፤ ልጁ በእጁ ይዞታል፤ ክሩ ደግሞ በገመዱ በኩል ከአምፑ ጋር የተያያዘ ነው። አምፑ ውስጥ ብልሽት ቢፈጠርና ቤቱ የኧርዝ መስመር ከሌለው ኤሌክትሪኩ መውጫ የሚያደርገው ልጁን ነው። አንዳንድ ሰው ሶኬቱ አልገባ ሲለው ሦስተኛዋን እግር ይቆርጣል። ያቺ እግር የልጁ ነፍስ ጠባቂ ናት። ቤታችሁ ኧርዝ እንዳለው በኤሌክትሪሲያን አስለኩ። ክሩን ሲነካ ጣቱን ቢነዝረው ያን ቀን ጨዋታው ያብቃ። የእኛ ቤት ሶኬት ኧርዙ ተበጥሶ ነበር፤ አምፑ ሳይሰካ መጀመሪያ የተሠራው እሱ ነው።

ጆሮውንም አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መጠን በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ ወደ 90 ከወጣ ግን በሳምንት ከ4 ሰዓት አይበልጥም። እኔ ዴሲቤል መለኪያ የለኝም፤ የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው፦ ከክፍሉ በር ቆሜ በተለመደው ድምፄ ስሙን ጠርቼ ካልሰማኝ በዝቷል። ተጫውቶ ሲጨርስ ጆሮው የሚጮህ ከሆነም በዝቷል። በማዳመጫ ሲሆን ደግሞ ማንም ስለማይቆጣው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ አራስ አለች። በማዳመጫ ካልሆነ በቀር የሚጫወተው ከትምህርት መልስ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ነው። ይህን ራሱ ወጥቶ ነገራቸው፤ አራሷም «ሕፃኑ የሚተኛበትን ሰዓት ልንገርህ» ብላ አስተካከለችው።

ባለፈው እሁድ እናቱ ደወለች። የእረፍት ቀኗ ነው። ልጁ ስልኩን ወንበር ላይ አምፑ ፊት አቆመው። ፔዳሏን ይረግጣታል ብዬ ነበር፤ አልረገጣትም። በንጹሁ ድምፅ፣ በትንሽ ሪቨርብ ብቻ ትዝታን ተጫወተ። ጣቱ ሁለት ቦታ ስቷል። እሷ ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝምብኝ፣ «ልጄ፣ መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?» አልኩ።

«አልተቋረጠም እማዬ» አለች። ድምፅዋ ተለውጧል። «ትንሽ ጨምረው በይው።»

ጨመረው። ሰዓቱ የአራሷ ልጅ የሚተኛበት ነበር፤ ለአንድ ቀን ይቅር በሉን።

ለእንቁጣጣሽ ፈቃድ አግኝታ ትመጣለች። ዲሌይ ፔዳል ከዚያ ይዤ እመጣለሁ ብላዋለች፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። የያሬዱን ነገር በስልክ አላነሣሁባትም። ይህ ጋዜጣ እዚያ እንደማይደርሳት አውቃለሁ፤ ስትመጣ ቡና አፍልቼ፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ የምነግራት ይቅርታ አለኝ። እስከዚያው እናንተም ቤት ውስጥ የሚዘፍን ቁም ሳጥን ካለ ሄዳችሁ በሩን ክፈቱ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።